እምነትን መጠበቅና ምርጫን ማሸነፍ

ሕዝብ በድምፁ መንግሥቱን በሚመርጥበት አገር ያለ የፖለቲካ ፓርቲ ሁሉ አንድ ቀን ሳይደርስበት የማይቀር ፈተና አለ። ይኸውም የተመሠረተበትን እምነት አንዲት ቃል ሳያጐድል ይዞ መሸነፍ ይሻለዋልን? ወይስ ከእምነቱ ጥቂት ቀንሶ ሥልጣን መያዝ? የሚለው ነው። ስለዚህ ነገር የእንግሊዝ የሠራተኞች ፓርቲ ታሪክ ብዙ ያስተምራል።

ይህ ፓርቲ በ1918 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በደንቡ አራተኛ አንቀጽ፤ የሀብት ማፍሪያው ሁሉ የጋራ ንብረት እንዲሆን አሳቡን ጻፈ። በ1945 ዓ.ም. ይህንኑ አንቀጽ እንደ ያዘ በሚስተር ክሌመንት አትሊ መሪነት 393 መቀመጫ አገኘ፤ በሦስት ዓመትም ውስጥ ድኻውና ሀብታሙ ያለ ክፍያ የሚታከሙበትን የጤና አገልግሎት አቆመ። እምነት ብቻውን ከድል የሚከለክል ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነም ነበር።

ነገር ግን ዘመን ይለወጣል። ፓርቲው በ1959 ዓ.ም. ለሦስተኛ ጊዜ በተከታታይ በተሸነፈ ጊዜ መሪው ሚስተር ሂው ጌይትስኬል አንቀጹ እንዲሻሻል በጉባኤ ፊት በግልጥ ተናገሩ። ወገኖቻቸውም አሳባቸውን አልተቀበሉም።

በ1983 ዓ.ም. የሆነው ከዚህ የከፋ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አራት ታላላቅ ሰዎች ተለይተው ሌላ ፓርቲ አቁመው ነበር፤ የቀሩትም ከአውሮፓ ማኅበር እንውጣ፤ የአቶም መሣሪያ ይቅርብን የሚል መግለጫ ይዘው ቀረቡ። ያገኙት ድምፅ ከመቶ 27.6፤ መቀመጫውም 209 ብቻ ሆነ። ሚስተር ቶኒ ቤን ግን ከስምንት ሚሊዮን ተኩል የሚበልጥ ሰው ለሶሻሊዝም ድምፁን ሰጠ ብለው ደስታቸውን ጻፉ። ቅንነታቸውን አንጠራጠርም፤ በዚያው ምርጫ የገዛ መቀመጫቸውን አጥተዋልና። ሆኖም በ1984 ዓ.ም. ሥራ ያቆሙት የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች አንድ ዓመት ያህል ተርበው ታግለው ተሸንፈው ሲመለሱ፤ ያ ስምንት ሚሊዮን ተኩል ድምፅ አንዲት ጉድጓድ እንኳ ከመዘጋት አላዳነላቸውም።

ሚስተር ቶኒ ብሌር በ1995 ዓ.ም. አንቀጹን አስለወጡ፤ በ1997 ዓ.ም. 418 መቀመጫ አገኙ። ይህን ክህደት የሚሉት አሉ። በ1999 ዓ.ም. ከዚህ በታች አይከፈልም ተብሎ በሕግ የተወሰነውን የደመወዝ ወለል ያገኘች የቢሮ ጠራጊ ግን እንዲህ የምትል አይመስለንም።

ከዚህ የተነሣ እምነቱን የቀነሰ ሁሉ የሕዝብ ፍቅር ያገኛል ማለት አይደለም። ፓርቲው በ2017 ዓ.ም. በሚስተር ጀረሚ ኮርቢን መሪነት ከመቶ 40 ድምፅ አግኝቶ ተሸነፈ፤ በ2024 ዓ.ም. ከመቶ 34 በማይሞላ ድምፅ 411 መቀመጫ ወሰደ። መቀመጫ የሚቈጠረው በየወረዳው ነውና፤ ትልቅ ድልም በቀጭን ድምፅ ላይ ሊቆም ይችላል።

እንደኛ አስተያየት ፓርቲ ሊለውጠው የማይገባው ለማን እንደ ቆመ ነው፤ በምን መንገድ እንደሚረዳው ግን ሊለውጥ ይችላል፤ ለውጡም ከምርጫው በፊት በአደባባይ ይነገር። ብሌር አንቀጹን ያስለወጡት ምርጫው ሁለት ዓመት ሲቀረው በጉባኤ ድምፅ አሰጥተው ነው፤ መራጩም የሚመርጠውን ያውቅ ነበር።