መጽሐፍ የሚተረጐምበት ቤት

በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ባልና ሚስት መከባበር ደጋግመን ጽፈናል። ዛሬ የምናነሣው ነገር ግን ሲያዩት ለሊቃውንት ጉባኤ እንጂ ለቤተ ሰብ ገጽ የሚገባ አይመስልም፤ ነገሩ የመጻሕፍት ትርጕም ነውና። ቢኾንም እስከ መጨረሻው ታግሦ ላነበበን ሰው፥ ትርጕም በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ብቻ ሳይኾን በማጀትም በደጃፍም የሚሠራ ሥራ መኾኑን እናስረዳዋለን ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በዘመናችን የሚታይ አንድ ልማድ ነው። በአሜሪካ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት መካከል፥ ልጆቻቸውን አሳድገው ለወግ ለማዕርግ ያበቁና ከሥራቸው በጡረታ የተሰናበቱ ባልና ሚስት፥ በገዛ ወጪያቸው ወደ ሩቅ አገር ሄደው እንዲያገለግሉ የሚልኩ አሉ። ከነዚህም ሽማግሎች አንዳንዶቹ ለትርጕም ሥራ ረዳት ይኾናሉ። ቋንቋውን የሚያውቁት የአገሩ ተወላጆች የኾኑት ተርጓሚዎች ናቸው፤ ሽማግሎቹ ግን ተርጓሚዎቹን ያሰባስባሉ፥ የተሠራውንና የቀረውን ገጽ ይቈጥራሉ፥ ደብዳቤ ይጽፋሉ፥ የሰዎቹን ችግር ያዳምጣሉ፥ እንግዳ ያስተናግዳሉ። ሳምንታቸውም በእንዲህ ያለ ጥቃቅን ሥራ ተሞልቶ ያልፋል። ይህን የሰማ ሰው፥ «መጽሐፉን የሚተረጕሙት ሌሎች ከኾኑ እነዚህ ባልና ሚስት ምን ሠሩ ይባላል? ይልቁንም የሚስቲቱ ድርሻ ምንድር ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እኛም መልሱን ፍጻሜው ከታወቀ ከአንድ የቀድሞ ቤት ታሪክ ልንፈልገው ወደድን። ዓመታቱን የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሮበርት ሞፋት በ1795 ዓ.ም. በስኮትላንድ አገር ኦርሚስተን በተባለች መንደር ተወለዱ። የተማሩት ሙያ አትክልተኝነት ነበረ። በእንግሊዝ አገር በአንድ የችግኝ ማፍያ ቦታ ተቀጥረው ሲሠሩ ከአሠሪያቸው ልጅ ከሜሪ ስሚዝ ጋራ ተዋወቁ። በ1816 ዓ.ም. የለንደን ሚስዮን ማኅበር ሮበርትን ወደ ደቡብ አፍሪቃ በላካቸው ጊዜ፥ የሜሪ ወላጆች ልጃቸውን ወደማያውቁት አገር መስደድ ጨንቋቸው አልፈቀዱም። ብዙ ካመነቱም በኋላ እሺ አሉ። ሜሪም በ1819 ዓ.ም. ባሕር ተሻግረው፥ በዚያው ዓመት መጨረሻ በኬፕ ታውን ከተማ ጋብቻቸው ተፈጸመ። እነዚህ ወጣቶች ከዚያ ቀን ዠምሮ እስከ እርጅናቸው ድረስ በአንድ ሥራ ተጠምደው ኖሩ።

ከከተማው ወደ ሰሜን በበሬ በሚሳብ ሠረገላ ብዙ ሳምንት ተጕዘው ወደ ትስዋና ሕዝብ አገር ገቡ፤ ኋላም ኩሩማን በተባለው ስፍራ ጸንተው ተቀመጡ። በዚያ ትልቅ ምንጭ ይፈልቃል። አትክልተኛው ሞፋትም ውሃውን በቦይ እየመሩ አታክልት አለሙበት። ወይዘሮ ሜሪ በደኅና ቤት ያደጉ ሴት ሲኾኑ፥ እንደ አገሩ ልማድ የቤታቸውን ወለል በእበት መለቅለቅ ነበረባቸው። በመጀመሪያ እጅግ ተጸይፈውት ነበረ፤ ኋላ ግን አቧራውን የሚያስተኛ ቍንጫውንም የሚያጠፋ መኾኑን ባዩ ጊዜ ደስ ብሏቸው በደብዳቤ ለዘመዶቻቸው ገለጡ። የኛ አገር ባልቴቶች ይህን ቢሰሙ፥ «ይህንስ ከኛ በጠየቁን ኖሮ!» ሳይሉ አይቀሩም።

የትስዋና ቋንቋ ያን ጊዜ በጽሕፈት እምብዛም አልታወቀም ነበረ። ስለዚህ የውጭ አገር ሰባኪዎች የሚናገሩት በአስተርጓሚ ነበረ። ሞፋት በ1842 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ስለ አስተርጓሚዎች ስሕተት ሲተርኩ፥ የነፍስ መዳን ታላቅ ነገር ነው የሚለው ቃል፥ የነፍስ መዳን ትልቅ ከረጢት ነው ተብሎ ለሕዝቡ እንደ ደረሰ ጽፈዋል። የሰማው ሕዝብ ምን እንዳሰበ እግዜር ይወቀው። ሞፋት ግን ከዚህ የተረዱት ነገር፥ ቋንቋውን ራሳቸው ካላወቁ ድካማቸው ኹሉ ከንቱ መኾኑን ነው። ስለዚህ በ1827 ዓ.ም. ቤታቸውን ትተው ባሮሎንግ ወደሚባሉት ሰዎች ሰፈር ሄዱና፥ የራሳቸው ቋንቋ ከማይሰማበት ቦታ ብዙ ሳምንት ተቀምጠው ተማሩ። ወይዘሮ ሜሪም ልጆቻቸውን ይዘው ቤቱን ጠበቁ። እንግዲህ ለዚህ ትርጕም ከተከፈለው ዋጋ አንዱ የባል ከቤት መራቅ ነበረ፤ ከፋይዋም ሚስቲቱ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀጠለ። የሉቃስ ወንጌል ተተርጕሞ በ1830 ዓ.ም. ወደ ኬፕ ታውን ተወሰደ። በመንግሥት ማተሚያ ቤት ፊደል የሚለቅም ሠራተኛ ስላልተገኘ፥ ሞፋት ሙያውን ራሳቸው ተምረው ከአንድ ባልንጀራቸው ጋራ አተሙት። ሲመለሱም የብረት ማተሚያ መኪና በሠረገላ አስጭነው በ1831 ዓ.ም. ኩሩማን አደረሱ። አዲስ ኪዳን በ1840 ዓ.ም. በለንደን ታተመ። ብሉይ ኪዳን ደግሞ በኩሩማን እየታተመ በ1857 ዓ.ም. ተፈጸመ። ያን ጊዜ ባልና ሚስቱ ኹለቱም ስድሳ ዓመት አልፏቸው ነበረ።

እስቲ አኹን የዚያን ቤት ሳምንት እንመልከት። እሑድ፥ በ1838 ዓ.ም. በተመረቀው፥ ግድግዳው ድንጋይ ክዳኑ ሣር በኾነው ቤተ ክርስቲያን ስብከትና ትምህርት ነው። በሌሎቹ ቀኖች ተርጓሚው ሰው ተርጓሚ ብቻ አይደሉም፤ ቦይ ሲደፈን ቈፋሪ፥ ሠረገላ ሲሰበር አናጢና ብረት ቀጥቃጭ፥ ወረቀት ሲመጣ አታሚ፥ ልጆች ሲሰበሰቡ መምህር ናቸው። ወይዘሮ ሜሪ ደግሞ ዐሥር ልጆች ወልደዋል፤ ከነዚህም በሕፃንነት ሞተው የተቀበሩ ነበሩ። ለአገሩ ሴቶች ልብስ ስፌት ያስተምራሉ፥ ከባሕር ማዶ ለሚጻፈው ደብዳቤ መልስ ይሰጣሉ። ከዚህም በላይ ኩሩማን ወደ ሰሜን የሚያልፍ መንገደኛ ኹሉ ማረፊያ ስለ ነበረ፥ አዳኙም ተጓዡም ሚስዮናዊውም በዚያ ቤት ይስተናገድ ነበረ። ስሙ በዓለም የታወቀው ዳዊት ሊቪንግስተን በ1844 ዓ.ም. አንበሳ ክንዱን ከሰበረው በኋላ ያገገመው በኩሩማን ነው። የቤቱን የበኵር ልጅ ሜሪን ለማግባት የጠየቀውም በዚያው ጊዜ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ በእንዲህ ያለ ሳምንት ውስጥ ለትርጕም የሚኾን ሰዓት ከየት ይመጣል? የትርጕም ሥራ እንደ ሌላው ሥራ ጥለውት ሄደው ሲመለሱ ከተተወበት የሚቀጥሉት አይደለም። አንዱን ቃል ለመፍታት አሳብ ከተሰበሰበ በኋላ ደጅ ቢንኳኳ፥ የተሰበሰበው አሳብ እንደ ወፍ ይበናል። ስለዚህ ተርጓሚ ከብራናና ከቀለም በፊት የሚያስፈልገው የተዘጋ ደጅ ነው። ደጅ ግን በራሱ አይዘጋም፤ እንግዳውን የሚቀበል፥ የሚያለቅሰውን ልጅ የሚያባብል፥ ለነገ የሚኾነውን እህል የሚያስብ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። በኩሩማን ይህን ኹሉ የተሸከሙት ወይዘሮ ሜሪ ስለ ነበሩ፥ እኛ የዚያ ትርጕም ደጅ እሳቸው ነበሩ እንላለን።

ይህ ነገር ለኛ አገር ታሪክም እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን በአክሱም ዘመን ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ ግዕዝ መልሰዋል። መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ ወደ አማርኛ የተመለሰው ግን በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት መዠመሪያ ላይ በካይሮ ከተማ ነው። ተርጓሚው አቡ ሩሚ ተብሎ በታሪክ የሚታወቀው ኢትዮጵያዊ ሊቅ ሲኾን፥ ሥራውን የሚያሠራው አስሊን ደ ሼርቪል የተባለ የፈረንሳይ ቆንስል ሹም ነበረ። ይህ ሹም ራሱ እንደ መሰከረው፥ ዐሥር ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ ለማናቸውም እንግዳ ደጁን ዘግቶ፥ ከኢትዮጵያዊው ጋራ ቃል በቃል እያነበቡ ይሠሩ ነበረ። እንዲህ በሳምንት ኹለት ቀን ብቻ ከተጠበቀው ሰዓት የወጣው ጽሑፍ 9,539 ገጽ ኾነ። በ1820 ዓ.ም. ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ተገዛ፤ ወንጌሎቹ በ1824 ዓ.ም.፥ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1840 ዓ.ም. በለንደን ታተመ። የትስዋና አዲስ ኪዳን የታተመውም በዚያው ዓመት በዚያው ከተማ መኾኑ የሚያስደንቅ ግጥምጥም ነው። የመንግሥት ሥራ ለሚሠሩት አንባቢዎቻችን ይህ ታሪክ ልዩ ትምህርት ይሰጣል፤ ባለጕዳይ ደጁን የሚያጣብበው ሹም እንኳ በሳምንት ኹለት ቀን ቢጠብቅ፥ በዐሥር ዓመት ውስጥ ትውልድ የሚያነበው ነገር ሊተው ይችላልና።

ስለ ሞፋት ሥራ የምንጽፈው ምስጋናውን ብቻ አይደለም። በትርጕሙ ውስጥ ከባድ ጕድለት ነበረ። በትስዋና ቋንቋ «ባዲሞ» ማለት የሞቱ አባቶች መናፍስት ሲኾን፥ ሕዝቡ በታላቅ ክብር የሚያስበው ስም ነው። ሞፋት ግን ይህንኑ ቃል ለአጋንንት መጠሪያ አደረጉት። እንዲህ በማድረጋቸው ያገሩን ሰው አያት ቅድመ አያቶች ከርኩሳን መናፍስት ጋራ ስለ ቈጠሩበት፥ በኋላ ዘመን የትስዋና ተወላጅ የኾኑ ሊቃውንት አጥብቀው ነቅፈውታል። መጽሐፉም ታርሞ በ1908 ዓ.ም. እንደ ገና ታትሟል። ከረጢቱን የፈጠረው አስተርጓሚ ያሳሳተው ለአንድ ቀን ነው፤ በማተሚያ መኪና የታተመ ስሕተት ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ስለዚህ ደጅ ሲዘጋ ማን በውስጥ፥ ማን በውጭ እንደ ቀረ መጠንቀቅ ይገባል። እንግዳ ይውጣ፤ ቋንቋውን ከእናቱ ጡት ጋራ የጠባው ያገሩ ሰው ግን ከጠረጴዛው ራስ ይቀመጥ። ከላይ እንዳነሣናቸው ያሉ የዛሬ ሽማግሎች ትርጕሙን ለአገሩ ተወላጆች ትተው ራሳቸው ረዳት መኾናቸው፥ በኛ አሳብ ከቀድሞው ይልቅ የተሻለ ሥርዓት ነው።

ሞፋት ከሥራ ብዛት የተነሣ ራሳቸውን እስኪያማቸው ድረስ ደክመው ነበረና፥ በ1854 ዓ.ም. ሥራውን ለጊዜው አቋርጠው ወደ ሰሜን ለመጓዝ ተገደዱ። የብሉይ ኪዳን የመጨረሻው ቃል በተጻፈ ጊዜም ማመን አቅቷቸው ተንበርክከው አምላካቸውን እንዳመሰገኑ ተነግሯል። ባልና ሚስቱ በ1870 ዓ.ም. ኩሩማንን ተሰናብተው ወደ እንግሊዝ ተመለሱ። ረዥም ዘመን ከኖሩበት ቤት መውጣት ለሽማግሎች ምን ያህል እንደሚከብድ ያረጀ ወላጅ ያለው ኹሉ ያውቀዋል። ወይዘሮ ሜሪ በአገራቸው አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው በ1871 ዓ.ም. በጥር ወር ዐረፉ። ሞፋትም በዚያን ጊዜ ስለ መጽሐፉ ወይም ስለ ዝናቸው አልተናገሩም፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ የጸለየችላቸው ሴት ከአጠገባቸው መለየቷን እንጂ። እሳቸውም በ1883 ዓ.ም. ተከተሏቸው።

በትርጕሙ የሚታወሰው የባልየው ስም ነው። ነገር ግን ልጃቸው ጆን በ1885 ዓ.ም. የወላጆቹን ታሪክ ጽፎ ባሳተመ ጊዜ፥ ለመጽሐፉ የሰጠው ርእስ የሮበርትና የሜሪ ሞፋት ሕይወት የሚል ነው። በዚያ ቤት ያደገ ልጅ ሥራው በማን ትከሻ ላይ እንደ ቆመ ያውቃልና፥ የናቱን ስም ከአባቱ ስም ጐን አቆመው።

የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፤ ከእናንተ መካከል መጽሐፍ የምትጽፉ፥ ሕግ የምታረቅቁ፥ የባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ የምትመልሱ ብዙዎች ናችሁ። ማታ በመብራት ተቀምጣችሁ ስትሠሩ ልጆቹን ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ የምትል ማን ናት? እንግዳውን በቡና ይዛ የምታቈይላችሁስ? መጽሐፋችሁ ታትሞ በመቅድሙ ላይ ለመኳንንቱና ለመምህራኑ ምስጋና ስትጽፉ፥ ለዚህች ደጅ ጠባቂ አንድ መስመር ማትረፍን አትርሱ። እናንተ ብትረሱት ግን፥ በቤት ኾኖ ኹሉን የሚያይ ልጃችሁ አንድ ቀን ይጽፈዋል።