የቦርከና ቅሬ

ደሴ ላይ ዕድራችን፣ ቅሬ፣ ሲጠራ የሚቀር የለም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሱቁን ዘግቶ ይወጣል። የቀረ ይቀጣል፤ ደጋግሞ የቀረ ደግሞ ነገ ለራሱ ሰው ያጣል። ዛሬ የምጠራችሁ ግን ለቀብር አይደለም፤ ለጥየቃ ነው። ታማሚው ወንዛችን ቦርከና ነው።

የጦሳ ተራራ በአንድ በኩል፣ አዝዋ ገደል በሌላ በኩል ቆመው ደሴን መሃል አስቀምጠዋታል። ከሁለቱ ትከሻ የሚወርደውን ውሃ ቦርከና ሰብስቦ በዶሮ መዝለያ ገደል ይወረወርና ኮምቦልቻ ይገባል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ መንገዱ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኛ በሚኒባስ እየተጠማዘዝን የምንወርደውን ቁልቁለት ጎርፉ አቋርጦ ይወርደዋል። ስለዚህ ደሴ ላይ የተጣለ ፌስታል የደሴ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ኮምቦልቻም የራሷን ሰፈር ብቻ አጽድታ የትም አትደርስም።

ክረምት ሲገባ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። የሐምሌ ዝናብ ግማሽ ሰዓት ከወረደ ዲቹ ገንፍሎ አስፋልቱ ወንዝ ይሆናል። ሁላችንም «ማዘጋጃ ቤቱ የት አለ?» እንላለን፤ ማለታችንም ትክክል ነው። ግን እስቲ የዲቹን ክዳን አንሡና እዩ። ሃይላንድ አለ፤ የጫት ገረባ አለ፤ ቤት ሲሠራ መንገድ ላይ ተደፍቶ የቀረ አሸዋና ጠጠር አለ። በሌሊት የሽንት ቤቱን ቱቦ ከዲቹ ጋር ያገናኘም አለ፤ እሱ ራሱን ያውቃል።

ደሴን ከሌላው ከተማ የሚለያት አፈሯ ነው። ብዙው ተዳፋት ከተራራ ተንዶ የተከመረ ልል አፈር ነው፤ የመሬት መንሸራተት አጥኚዎች ስለ ደሴ ደጋግመው የጻፉትም ለዚህ ነው። የተደፈነ ዲች ውሃውን ወደ ጎን ይለቀዋል። የተሰበረ ቧንቧ ወር ሙሉ ሥር ለሥር ያንጠባጥባል። ተዳፋቱ ያንን ሁሉ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ከግርጌው ደግሞ ቦርከናና ገባሮቹ ይሸረሽሩታል። ከዚያ አንድ ክረምት ግድግዳው ስንጥቅ ያወጣል፤ በሩ አልዘጋ ይላል። ዲች መጥረግ ለመንገድ ውበት ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ተዳፋት ላይ የሚኖረውን ጎረቤቱን ይጠይቅ።

ድሬዳዋን አትርሱ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ሰዉ ተኝቶ ነበር። ጎርፉ የመጣው ከከተማዋ በላይ ካሉት ተራሮች ነው፤ ከ250 በላይ ሰው አለቀ። ሰው ስለ ተፋሰስና ስለ ግንብ አጥብቆ የተናገረው ከቀብር በኋላ ነበር። እኛ ሳንቀብር እንጀምር።

እኔን የሚያሳፍረኝ ግን ሌላ ነው። ጎርፍ የሚፈራ ከተማ ውሃ በፈረቃ ይጠብቃል! ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ያላት ደሴ ቢጫ ጀሪካን ታሰልፋለች፤ ስሙን ያወጡት ሰዎች ቢያዩን ምን ይሉን ይሆን? በክረምት ከቆርቆሯችን የሚወርደውን ውሃ ወደ ዲች እንሸኘዋለን፤ በበጋ እሱኑ ፍለጋ እንንከራተታለን። አሸንዳና አንድ ሮቶ ያለው ቤት ለራሱ የልብስና የዕቃ ማጠቢያ ያገኛል፤ ለታችኛው ጎረቤቱም ጎርፍ ይቀንስለታል። ሮቶ መግዛት ለአንድ ቤት ከከበደ በቅሬ ዕቁብ ይገዛ፤ ድንኳንና ወንበር በጋራ የገዛን ሰዎች አይደለንም እንዴ?

የከርሰ ምድሩን ውሃ የሚሞላው ደግሞ ተራራው ላይ የሚዘገይ ዝናብ ነው። እርከንና ክትር ያለው ተራራ ውሃውን ያዘገየዋል፤ የተራቆተው ግን አፈሩን ጨምሮ ይልክልናል። ቦርከና ላይ የተሠራውን ግድብ ደለል እንዴት እንደበላው የሚያስታውስ ሰው ዛሬም አለ። ደግሞም ይህን ዕውቀት ከሩቅ አናመጣውም፤ እዚሁ ደቡብ ወሎ ማይባር ላይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የአፈር መሸርሸር ሲለካ ኖሯል። ልኬቱ ከጎናችን እያለ ጦሳ ላይ በዘመቻ ችግኝ ተክለን፣ ፎቶ ተነሥተን መውረድ ይብቃን። የተተከለውን የሚጠብቅ፣ የፈረሰውን ክትር የሚጠግን ቅሬ ይመደብለት።

ከኮምቦልቻ በታች ጨፋ አለ። ያ ረግረግ ጎርፉን ተቀብሎ በቀስታ የሚለቅ፣ በበጋ ሣር የሚያበቅል ቦታ ነው። በ1994 ዓ.ም. ድርቅ ወደ 50 ሺህ አርብቶ አደሮችና 200 ሺህ ከብቶች ተጠልለውበት እንደነበር የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ዘግበዋል። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራው ክፉ ቀን ሲመጣ የሚገናኙት እዚያ ነው። እኛ ከላይ ምን እንልክላቸዋለን? ኮምቦልቻ ውስጥ ወደ ቦርከና የሚገቡ ትናንሽ ወንዞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ክሮምየምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። ከተማዋ በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ስታስመርቅ ተደስተናል፤ ለልጆቻችን እንጀራ ነውና። ግን ፍሳሹን ሳያጣራ የሚለቅ ፋብሪካ እንጀራውን ከታች ካለው ሰው ገበታ ላይ እያነሳ ነው። የፍሳሽ ምርመራ ውጤት በየጊዜው ለሕዝብ ይለጠፍ። ይህ ልመና አይደለም፤ የጎረቤት መብት ነው።

ኮሪደር ልማቱም ደርሶናል። መንገዱ ሲሰፋ፣ መብራቱ ሲተከል ደስ ይላል። ለመሐንዲሶቹ ግን አንድ ጥያቄ አለን፦ ከንጣፉ ሥር ያለው ቱቦ የጦሳን የነሐሴ ውሃ ይችለዋል ወይ? ካልቻለ ንጣፉ እንደገና ይቆፈራል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ልጆችም ሥራ አላችሁ። የሁለቱን ከተሞች ዲች በእግራችሁ ተከትላችሁ የተደፈነውን፣ የጠበበውን፣ መውጫ ያጣውን በካርታ አውጡልን። ያን ካርታ ይዘን ማዘጋጃ ቤትና የውሃ አገልግሎት ቢሮ እንገባለን፤ በጀቱ የት እንደዋለም በካርታው እንጠይቃለን።

እንግዲህ ጥሪው ይህ ነው። እያንዳንዱ ቅሬ ሁለት ሰው ይምረጥ፤ አንዱ ሴት ትሁን፤ ጀሪካኑን የሚሸከመው ማን እንደሆነ እናውቃለንና። የደሴና የኮምቦልቻ ተወካዮች ጨፋ ያሉትን ሽማግሌዎች ጋብዘው አብረው ይቀመጡ፤ ቡናው ይፈላ፣ ዱዓው ይደረግ፣ የቦርከና ቅሬ ይመሥረት። መቀጫውም ይወሰን፤ ዲች ውስጥ ቆሻሻ የደፋ ቀብር እንደቀረ ሰው ይቆጠር። ከዚያ ግንቦት እንደገባ፣ ዝናቡ ሳይቀድመን፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ማለዳ ሁሉም ከየደጁ ይጀምራል። አካፋ ያለው አካፋ፣ ዶማ ያለው ዶማ፣ ምንም የሌለው ጆንያ ይዞ ይውጣ። ከዲቹ የወጣው ደለል ዳር ላይ ተከምሮ ተመልሶ እንዳይገባ ጋሪ ያላችሁ ጋሪያችሁን፣ አይሱዙ ያላችሁ አይሱዙአችሁን አምጡ።