የጃፓን ካርቱንና የነሕው ትምህርታችን

 

ባለፈው ወር አንድ ቀን፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ከመስጊድ ስንወጣ አንድ በዕድሜ የገፉ የሰፈራችን አባት አስቆሙን። ሐጂ ናቸው፤ እዚሁ መቀሌ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ የልጅ ልጃቸውም ተማሪያችን ነው። «ኡስታዝ፣ ይህ የጃፓን ካርቱን እየሞተ ነው የሚባለው እውነት ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ከማን እንደሰሙ ብንጠይቃቸው ከራሱ ከልጁ ነው አሉን። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ «አኒሜ ድሮ ቀረ፤ ያሁኑ ወድቋል» እያለ ሲከራከር በመስኮት ሰምተውት ኖሯል። ልጁ የተናገረው በቁጭት ነው፤ እሳቸው የሰሙት ግን እንደ ምሥራች ነው። «ከሞተማ አልሐምዱሊላህ! ልጁም ሌሊት ይተኛልኛል» አሉ።

እኛም ሳያጣሩ መመለስ አይገባም ብለን ቀጠሮ ወሰድንባቸው። ያገኘነውንም ለእሳቸው በነገርናቸው መልክ እነሆ ለአንባቢያን እናቀርባለን።

በቅድሚያ ሐጂን የማያስደስተውን እንናገር፤ አልሞተም። የጃፓን የአኒሜሽን ድርጅቶች ማኅበር በየዓመቱ በሚያወጣው ዘገባ እንደተመለከተው፣ እ.ኤ.አ በ2023 የዚህ ንግድ ጠቅላላ ገበያ ከ3.3 ትሪሊዮን የን በላይ ደርሷል። እስከዚያ ዓመት ድረስ ከተመዘገበው ሁሉ ይህ ከፍተኛው ነው። ከዚህም ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው የተገኘው ከጃፓን ውጭ ነው። ዓለም ለኮሮና ደጁን ዘግቶ በተቀመጠበት በ2020 (እ.ኤ.አ) የወጣው የ«ዴሞን ስሌየር» ፊልም ጃፓን ውስጥ ብቻ ከ40 ቢሊዮን የን በላይ አስገብቶ የአገሪቱን የሲኒማ ክብረ ወሰን ሰብሯል። በ2024 ደግሞ የሽማግሌው የሃያኦ ሚያዛኪ ፊልም ኦስካር ወስዷል።

የሞት ትንቢቱም አዲስ አይደለም። «ኢቫንጌሊየን» የተባለውን ዝነኛ ሥራ ያዘጋጀው ሂዴአኪ አኖ እ.ኤ.አ በ2015 የጃፓን አኒሜ መውደቂያው ሩቅ እንዳልሆነ ተናግሮ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በዕዳ ተይዞ ለኪሳራ ያመለከተው ግን ጋይናክስ ነው፤ አኖ ራሱ ከመሠረቱት አንዱ የነበረበትና ቀደም ብሎ ትቶት የወጣው ኩባንያ። ንግዱ አልፎት ሄደ።

ታዲያ የሚታመም ነገር የለም ወይ? አለ። ሐጂ ነጋዴ ስለሆኑ ቶሎ የገባቸውም ይኸኛው ነው። ካርቱን ሲሠራ ዋና ሠዓሊው የእንቅስቃሴውን መነሻና መድረሻ ይስላል፤ በመሐል ያለውን እያንዳንዱን ሥዕል የሚሞሉት ጀማሪዎች ናቸው። አንድ ሳምንታዊ ክፍል በሺህ የሚቆጠር ሥዕል ይፈልጋል። ጀማሪው የሚከፈለው በቁጥር ሲሆን፣ ለአንድ ሥዕል ለረጅም ጊዜ 200 የን አካባቢ ነበር። የሙያተኞቹ ማኅበር እ.ኤ.አ በ2015 ይፋ ባደረገው ጥናት የእነዚህ ጀማሪዎች አማካይ ዓመታዊ ገቢ 1.1 ሚሊዮን የን ገደማ ሆኖ ተገኝቷል፤ ቶኪዮ ላይ በዚህ ገንዘብ የቤት ኪራይ ከፍሎ መኖር ጭንቅ ነው። ብዙው ሥራም ወደ ኮሪያ፣ ወደ ቻይና፣ ወደ ፊሊፒንስ ይላካል። የነገሩ ሥር ሩቅ ነው ይባላል። ኦሳሙ ቴዙካ እ.ኤ.አ በ1963 «አስትሮ ቦይ»ን ለቴሌቪዥን ሲሸጥ፣ ከአሻንጉሊትና ከመሰል ዕቃዎች አካክሰዋለሁ ብሎ ከወጪው በታች ነበር የተዋዋለው። ኩባንያው በ1973 ከሰረ፤ የርካሽ ዋጋው ልማድ ግን ቀረ።

ሐጂ ይህን ሲሰሙ «ጨርቁ ተሸጦ ሸማኔው ከተራበ፣ ነገ ማን ይሸምናል?» አሉ። እኛ ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ አልነበረንም።

ለወላጅ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። ጃፓን ውስጥ ልጆች እያለቁ ነው። እ.ኤ.አ በ2024 የተወለዱት ወደ 686 ሺህ ብቻ ሲሆኑ፣ ከ700 ሺህ በታች ሲሆን ያ የመጀመሪያው ነው። የሕፃናት ሥዕላዊ ታሪኮችን የሚያትመው «ሾነን ጃምፕ» መጽሔት በ1994 መጨረሻ በሳምንት 6.53 ሚሊዮን ቅጂ ደርሶ ነበር፤ ባለፉት ዓመታት ግን ከአንድ ሚሊዮን እምብዛም አይዘልም። (በመጽሔት ላይ ስለ መጽሔት መውረድ መጻፍ ለእኛም ደስ አይልም።) ልጅ ሲያንስ ነጋዴው ፊቱን ወደ ጎልማሳው አዞረ። ዛሬ በጃፓን ቴሌቪዥን ከሚተላለፈው አኒሜ ብዙው የሚታየው ከእኩለ ሌሊት ወዲህና ወዲያ ሲሆን የታሰበውም ለአዋቂዎች ነው። ከ1979 ጀምሮ የሚተላለፈው የልጆቹ «ዶራኤሞን» እንኳ ለብዙ ዘመን ከያዘው የዓርብ ምሽት ሰዓት በ2019 ወደ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተዛውሯል። ስለዚህ እኛ አገር «ካርቱን ነው፤ የልጅ ነው» ብሎ ማለፍ ትልቅ ስሕተት ነው። ሥዕሉ የልጅ ይመስላል፤ ሰዓቱ ግን የልጅ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ዘመን ጥቂት ብንናገር አንባቢያን አይቀየሙንም። እኛ ልጆች ሳለን አገሪቱ በሙሉ የምታውቃቸው የልጆች ሰው አባባ ተስፋዬ ነበሩ። ከ1957 እስከ 1998 ዓ.ም ተረት ነገሩን። እሳቸው ባቆሙበት ዘመን ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ጀመሩ፤ ቀጭኔዋ ፀሐይ እ.ኤ.አ በ2008 የጃፓን ብሔራዊ ማሰራጫ የሚያዘጋጀውን የትምህርታዊ ዝግጅቶች ሽልማት እስከ ማግኘት ደርሳለች። የእኛ የሰፈር ሙስሊም ልጆች ግን አንድ ተጨማሪ መስኮት ነበረን፤ ዲሽ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ከጅዳ የተመለሰ አንድ ጎረቤታችን ዲሽ አስተከለ። ከቁርኣን ቤት ስንወጣ ጫማችንን ደጃፉ ላይ ደርድረን ምንጣፉን እንሞላዋለን። እናቶች ቡናቸውን ይዘው ከኋላ ይቀመጣሉ። የምናየው እ.ኤ.አ በ2000 የተከፈተውን ስፔስቱን የተባለ የልጆች ጣቢያ ነው። ካፒቴን ማጂድ ኳሷን ከመታት ግብ ጠባቂው ጋ እስክትደርስ አንድ ቀን የሚፈጅባት፣ ሜዳውም ከዓይነ ድዋ ማዶ ድረስ የሚዘልቅ ይመስለን ነበር። ይህ ማጂድ በጃፓን ስሙ ጹባሳ መሆኑን ያወቅነው ካደግን በኋላ ነው።

የጣቢያውን አብዛኛውን ፊልም ወደ ዐረብኛ የሚመልሰው ደማስቆ ያለው መርከዝ አዝዘህራ ነበር። ቋንቋው የሰፈር ዐረብኛ አይደለም፤ ጥርት ያለ ፉስሓ ነው። ለልጅ የማይገባውን ትዕይንት ይቆርጡታል፤ መጠጡ ጭማቂ ይባላል፤ ፍቅረኛሞቹ ዘመዳሞች ይሆናሉ። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ በጣም ከመቁረጣቸው የተነሳ ታሪኩ ይጠፋብን ነበር። ቢሆንም አንድ ትልቅ ሰው ከእኛ ቀድሞ አይቶት እንደነበር ያስታውቃል።

በዚያን ጊዜ አጅሩሚያ የሚያስቀሩን ኡስታዛችን ዲሹን አይወዱትም ነበር። አንድ ቀን «ለን» የሚለው ቃል ከፊቱ ሲገባ ግሡ መጨረሻው ፈትሓ ይሆናል የሚለውን ሕግ ሲያስረዱን ዋሉ፤ ማናችንም አልያዝነውም። ከመካከላችን በቂርኣት ሁሌም ወደ ኋላ የሚቀር አንድ ልጅ ነበረ። እሱን ምሳሌ ስጥ ቢሉት ተነሥቶ «ለን አስተስሊመ አበደን!» አለ፤ ፈጽሞ እጄን አልሰጥም ማለቱ ነው። ኡስታዝ ደነገጡ። «መጨረሻውን ለምን ፈትሓ አደረግኸው?» ሲሉት ልጁ ጥቂት አሰበና «ማጂድ እንደዚያ ስለሚል» ብሎ መለሰ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ኡስታዝ ግን አልሳቁም። በማግሥቱ ሕጉን ሲከልሱ «ማጂድ እንዳለው» ብለው ጀመሩ።

ውድ አንባቢያን፣ የሞተ ነገር ካለ የሞተው ይህ ነው። በአንድ ምት አልሞተም። እ.ኤ.አ በ2011 የሶሪያ ጦርነት ሲነሣ ከድምፅ ባለሙያዎቹ ብዙዎቹ አገር ጥለው ተበተኑ። እኛ ዘንድ ደግሞ ከ2012 ዓ.ም ወዲህ ኢትዮሳት መጣና ብዙ ቤት የአገሩን ጣቢያዎች ፍለጋ ዲሹን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አዞረ። ናይልሳት ላይ የነበሩት የዐረብ ጣቢያዎች በዚያው ጠፉ። ማንም ይህን ያደረገው ዐረብኛን ጠልቶ አይደለም፤ ባለ ዲሹ ሠራተኛ ጣሪያ ላይ ወጥቶ በሩብ ሰዓት ያዞረው ነገር ነው። ከዚያም በጥቅምት 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ደረሰብን። ስልክና ኢንተርኔት ለሁለት ዓመት ያህል አብዛኛውን ጊዜ ተቋርጠው ቆዩ። ትምህርት ቤቶቻችን ቀድሞም በመጋቢት 2012 ለኮሮና ተዘግተው ስለነበር፣ ልጆቻችን ሦስት ዓመት ያህል ከክፍል ርቀው ሰነበቱ።

የሐጂን የልጅ ልጅ ያነጋገርነው ይህን ሁሉ በልባችን ይዘን ነው። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የሚማረው ግን ስምንተኛ ክፍል ነው። አያቱ ባሉበት ስልኩን አሳየን። ከቴሌግራም ያወረደው አንዱ ተከታታይ ከላይ ካልነው ከእኩለ ሌሊቱ ዓይነት ነበር፤ ደምና ገላ የበዛበት ስለሆነ ከሁለት ደቂቃ በላይ አላየነውም። ሐጂ ሊቆጡ ሲሉ ልጁ ቀስ ብሎ እንዲህ አለ፦ «በዚያን ጊዜ አንድ የአክስቴ ልጅ ፍላሽ ነበረው። አሥራ ሁለት ክፍል ብቻ ነው ያለበት። መብራት ሲመጣ፣ ሳይመጣም በሶላር ቻርጅ እያደረግን እሱኑ እንደግመው ነበር። ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ ያነበብኩት ከዚያ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሌላ ያስተማረኝ አልነበረም።»

እንግሊዝኛ የሚያስተምረው ባልደረባችን በዚህ ልጅ ንባብ ሲገረም ሰምተን ስለነበር የሚመለስ ቃል አጣን። ሐጂም ስልኩን በዝምታ መለሱለት። ለካ «አኒሜ ወድቋል» ሲል የሚናፍቀው ያችን ፍላሽና አብረውት ያዩትን ልጆች ኖሯል። ከእነርሱ አሁን ከተማው ውስጥ ያለው አንዱ ብቻ ነው።

የእኩለ ሌሊቱን ነገር እንዳያይ ለብቻው መክረነዋል፤ ይሰማን አይሰማን አላህ ያውቃል። ስልኩን መቀማት ግን አልመሰለንም። በምትኩ ከአንድ የድሮ ጓደኛችን «ዐህዱል አስዲቃእ»ን በፍላሽ አስጫንን። የጓደኛሞች ቃል ኪዳን ማለት ነው። እ.ኤ.አ በ1995 ጃፓን ውስጥ የተሠራ፣ በደማስቆ ወደ ፉስሓ የተመለሰ፣ 33 ክፍል ያለው ነው። ሚላን ከተማ ውስጥ ጭስ መውጫ ለመጥረግ የተሸጡ ድሃ ልጆችን ታሪክ ይተርካል። ሐሙስ ሐሙስ ከዐስር በኋላ በመድረሳው አንድ ክፍል ውስጥ በግድግዳው ላይ እናሳያለን። በመጀመሪያው ሐሙስ ዘጠኝ ልጆች መጡ። ሐጂ ሊሰልሉ ይመስላል ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው ከኋላ ተቀመጡ።

ልጆቹ ዐረብኛው አልገባቸውም፤ ማጉረምረም ጀመሩ። ያኔ ሐጂ በወጣትነታቸው ጅዳ የሠሩባትን ዐረብኛ ይዘው ቀስ በቀስ በትግርኛ ይተረጉሙላቸው ገቡ። አንድ ቦታ ላይ ግን ተሳሳቱ መሰለን፤ አንድ ትንሽ ልጅ «እንደሱ አይደለም እኮ አለ፣ ሐጂ!» ብሎ ጮኸ። የቁርኣን ቤት ተማሪ ነው፤ ቃሉን ከሱራ ያውቀዋል። ሐጂም ወደ እኛ ዞረው «ኡስታዝ፣ እስቲ ወደ ኋላ መልሱት፤ ድምፁንም ጨምሩት» አሉን።