ፋይሉን በስሙ አትመኑት

«ማስታወቂያ የለውም፣ በቃ ጫነው!» ብሎ ጓደኛችን በቴሌግራም ኤፒኬ ሲልክልን የምናየው የፋይሉን ስምና አይከን ነው። ሁለቱንም ማንም ይቀይራቸዋል። ሀሽ የሚባለው ግን የፋይሉ የጣት አሻራ ነው።

ኤስኤችኤ-256 የተባለው ቀመር ፋይሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንብቦ 64 ፊደልና ቁጥር ብቻ ያወጣል። አንድ ፎቶም ሆነ ሁለት ጊጋ ጌም ብትሰጡት ያው 64 ነው። ውስጡ ትንሽ ከተነካ ግን አሻራው ጨርሶ ሌላ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2016 የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ተጠልፎ፣ የማውረጃው ሊንክ ጠላፊዎች ኮምፒውተሩን ከሩቅ ወደሚያዙበት ሐሰተኛ ቅጂ እንዲወስድ ተደረገ። አዘጋጆቹ በማግስቱ የእውነተኞቹን ፋይሎች አሻራ አውጥተው ሰዉ ያወረደውን እንዲያመሳክር ነገሩት። አሻራው ካልገጠመ ፋይሉ ይጣላል። ችግሩ፣ ድረ ገጹን የያዘ ሌባ እዚያው የተጻፈውን አሻራም መቀየር ይችላል። ፋይሉንና አሻራውን ከአንድ ቦታ ወስዶ ማመሳከር እኮ ሌባን በራሱ ምስክርነት ነጻ እንደማውጣት ነው።

ሌላው ጣጣ ደግሞ ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ካስፐርስኪ፣ ኤፍኤምዋትስአፕ የተባለው የዋትስአፕ ሞድ 16.80.0 ቅጂ ውስጥ ትሪያዳ የተሰኘ ትሮጃን አገኘ። ትሮጃኑ ሌሎች ጎጂ ፕሮግራሞችን እያወረደ ባለስልኩን ሳያስፈቅድ የሚያስከፍል አገልግሎት ውስጥ ጭምር ያስመዘግባል። እንዲህ ያለውን ፋይል ከተሠራበት ቦታ አሻራ ጋር ብታመሳክሩት ልክ ይመጣል! ሀሽ «ያው ነው» ይላል እንጂ «ደህና ነው» አይልም። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2025 ያሳወቀው የመተግበሪያ ሠሪዎች ማንነት ማረጋገጫም ቢሆን የሚመልሰው ማን እንደሠራው ነው።

ታዲያ አሻራውን ከታወቁ መጥፎ ፋይሎች ጋር ማስተያየትም ያስፈልጋል። ቫይረስቶታል ላይ ሀሹን ብቻ አስገብታችሁ መፈለግ ትችላላችሁ፤ ዳታም አይበላም። የግል ሰነዳችሁን ግን እንዳትጭኑበት፣ የተጫነው ፋይል ለሌሎችም ይደርሳል። «አልተገኘም» ካላችሁም ቶሎ ደስ አይበላችሁ። ሞዱን በየቻናሉ ትንሽ እየነካኩ የሚለቁት ሰዎች በእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ አሻራ ስለሚፈጥሩ፣ ፋይሉን ከእናንተ በፊት ማንም አልመረመረው ይሆናል።