ጡሩምባ ሳይነፋ የተለቀሰ ለቅሶ

ሁለት የኪነ ጥበብ ሰዎች በተገናኙበት ቦታ ሁሉ አንድ ክስ ሲነበብ ይሰማል። ተከሳሹ የእጅ ስልክ ነው። አንባቢውን ከመጽሐፍ፣ ተመልካቹን ከመድረክ፣ ተማሪውን ከደብተሩ፣ ልጁን ከእናቱ ጨዋታ የነጠቀው እርሱ ነው ይባላል። ከሳሾቹ ብዙ ናቸው፤ ምስክሮቹም እነዚያው ከሳሾች ናቸው። እኔም በበኩሌ በዚህ ችሎት ብዙ ጊዜ ለምስክርነት ቆሜያለሁ። ዛሬ ግን የምስክርነት ቃሌን ለመለወጥ ተነሥቻለሁ። ይህም ክሱ ፈጽሞ ሐሰት ነው ለማለት አይደለም፤ ከተከሳሹ ጎን ሊቆም የሚገባው ሌላ ሰው ስላለ ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ፤ የሙያ ጓዶቼም ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ለቅሶ ነው። አንድ ማክሰኞ ማለዳ ከመኝታዬ ሳልነሣ ስልኬ ደጋግሞ ጮኸ። ከሠላሳ ዓመት በላይ መድረክን ያገለገሉ፣ ብዙዎቻችን የተውኔት ቃል እንዴት እንደሚነገር ከእርሳቸው አፍ የተማርን አንድ አንጋፋ ተዋናይ ዐረፉ የሚል ወሬ ነበር። የወጣትነት ፎቶግራፋቸው ወጥቷል፤ ከሥሩ ሻማ ተሥሎ «ነፍስ ይማር» ተብሎበታል። ወሬውን ማን እንደ ጻፈው አይታወቅም። መቼና በምን እንደ ሞቱ፣ ቀብራቸው በየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሚፈጸም አይናገርም። ቁርሴን ሳልጨርስ በሺህ የሚቆጠር ሰው ኀዘኑን ገለጸ። እኔም ገለጽሁ። አልደብቅም፤ ስድስት ስንኝ ያለው ሙሾ ጽፌ ለጠፍሁ፤ ብዙ ሰውም ወደደልኝ።

ከቀትር በኋላ ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር ጥቁር ለብሰን ወደ ቤታቸው ሄድን። ድንኳን አልተተከለም፤ የሚያለቅስም አልነበረም። በሩን አንኳኳን። የከፈቱልን ራሳቸው ነበሩ። ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ ውሃ የያዘ ጣሳ በእጃቸው አለ፤ ከደጃፋቸው ያለችውን መደብ ጎመን ሲያጠጡ ነበር የደረስነው። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። በኋላ ጥቁር ልብሳችንን ከላይ እስከ ታች ተመልክተው ወደ ውስጥ ዞሩና፣ «ቡና አፍዪ፤ ለቀስተኛ ከደጅ አይመለስም» አሉ ለልጃቸው።

ገብተን ተቀመጥን። ግጥም መጻፌን ሰምተው ኖሮ እንዳነብላቸው አዘዙኝ። እያፈርሁ አነበብሁ። ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙና፣ «ሦስተኛው ስንኝ ቤት አልመታም። አስተካክለህ አስቀምጠው፤ መፈለጉ አይቀርም» አሉኝ። ሁላችንም ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን፣ «ለመሆኑ ከመጣችሁ ስንት ጊዜ ሆነ?» ብለው ጠየቁ። እርስ በርሳችን ተያየን። ከአራታችን አንዱም ከአራት ዓመት ወዲህ የዚያን ቤት ደጃፍ አልረገጠም ነበር።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ቀላሉ ትምህርት «ስልክ ይዋሻል» የሚለው ነው። ቀላል በመሆኑም ብዙዎቻችን እርሱን ይዘን እንቀራለን። ከባዱ ትምህርት ሌላ ነው። ሰውየው በሕይወት አሉ፤ ጉልበታቸው ደክሟል፤ ማታ ማታ የድሮ ቃለ ተውኔታቸውን ለልጃቸው ይወጡላታል፤ የሚጠይቃቸው የሙያ ጓደኛ የለም። ይህ ሁሉ እውነት ነበር። አራት ዓመት ሙሉ እውነት ሆኖ በዚያ ሠፈር ተቀምጧል። ስለዚህ እውነት ስድስት ስንኝ የጻፈ ገጣሚ ግን አልተገኘም። ሐሰቱ በግማሽ ቀን ከደጃፋቸው አደረሰን፤ እውነቱ ግን አፍ ስላጣ በአራት ዓመት ሊያደርሰን አልቻለም። እንግዲህ የሚያሳፍረው የሐሰቱ ፍጥነት ነው ወይስ የእኛ ዝምታ?

ስንወጣ የሠፈሩን የዕድር ጡሩምባ ነፊ ከመንገድ አገኘነው። ያ ማለዳ ለእርሱም ቀላል አልነበረም። ወሬውን በስልካቸው ያዩ ጎረቤቶች መጥተው፣ «ሰው ሞቶ እንዴት ትተኛለህ? ለምን አትነፋም?» እያሉ አስጨንቀውት ነበር። የሰጣቸውን መልስ እንደ ነገረኝ እጽፈዋለሁ፦ «የዕድሩ ዳኛ ሳያዙኝ፣ ከቤቱ ሰው መጥቶ ሳይነግረን አልነፋም። እናንተ ተሳስታችሁ ብትገኙ ሰው ይረሳዋል፤ እኔ ከተሳሳትሁ ግን ነገ ጡሩምባዬን ማን ያምነዋል?» ከዓመታት በፊት አንድ ጊዜ የሟችን ስም አሳስቶ ጠርቶ እንደ ነበርም አጫወተኝ። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት፣ በእነዚያው መንደሮች ዞሮ ስሙን አርሞ ነፋ። ማንም አላስገደደውም። ስሕተቱ የደረሰበት ጆሮ ሁሉ እርማቱም ሊደርሰው ይገባል ብሎ ነው።

የእኔን ሙሾ በዚያ ጡሩምባ አጠገብ አስቀምጡልኝ። እኔ በዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ የተማርሁ፣ ስሜ በመጽሐፍ ሽፋን ላይ የታተመ ሰው ነኝ። እርሱ በየማለዳው ለሠፈሩ ሰው መርዶ የሚያደርስ፣ ክፍያው ትንሽ የሆነ ሠራተኛ ነው። ቃሉን የመዘነው እርሱ ነው፤ ያባከንሁት እኔ ነኝ። ከዚህም በላይ፣ ሐሰቱ ከታወቀ በኋላ እኔ ያደረግሁት ግጥሙን በጸጥታ ማጥፋት ብቻ ነበር። በዚያው ጎዳና ተመልሼ አልነፋሁም። ከአፍ የወጣ ከአፋፍ የወደቀ ነው የሚለውን ተረት ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ!

ይህን ስል ያለፈውን ዘመን ለማሞገስ አይደለም። አባቶቻችን «እረኛ ምን አለ?» እያሉ የሕዝቡን ስሜት ከእረኛ ዘፈን ይሰሙ ነበር፤ አዝማሪው በማሲንቆው የጌቶችን ነውር በሰምና ወርቅ ያወጣ ነበር፤ የቡናው ሰብሰባ የመንደሩ ጋዜጣ ነበር። በእነዚህ መንገዶችም ብዙ ሐሜት፣ ብዙ የበሬ ወለደ ወሬ ተጉዟል። ልዩነቱ ግን ወሬው ፊት ነበረው። «ማን ነገረህ?» ተብሎ ሲጠየቅ እጅ የሚጠቆምበት ሰው ነበረ። የሕትመቱም ዘመን ቢሆን እንዲሁ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በጥቂት ቅጂ ከተጀመረችው «አእምሮ»፣ በ1917 ዓ.ም. እስከ ተቋቋመው «ብርሃንና ሰላም»፣ ከዚያም በ1933 ዓ.ም. እስከ ተመሠረተው «አዲስ ዘመን» ድረስ፣ ጋዜጣ ቢያጠፋ ወይም ቢሳሳት የሚጠየቅ አዘጋጅ ነበረው። ዛሬ ግን እያንዳንዳችን በኪሳችን ማተሚያ ቤት ይዘን እንዞራለን። ማተሚያው አለ፤ አዘጋጁ የለም። አዘጋጅነቱ ከማተሚያው ጋር አብሮ በእያንዳንዳችን ትከሻ ላይ መውደቁን ያስተማረን የለም፤ ማስተማር የነበረብንም እኛው ነበርን።

እዚህ ላይ ሦስት ዓይነት ሰዎች ይነሡብኛል።

አንደኛው፣ «መስመሩን መዝጋት ነው መድኃኒቱ» ይላል። ይህ መድኃኒት ተሞክሯል። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ በእኔ ሠፈር ወሬ አልሞተም፤ በእግሩ ሄደ። ከዳቦ ቤት ሰልፍ ወደ ታክሲ፣ ከታክሲ ወደ ቤት እየተላለፈ፣ በየደረሰበት እየወፈረ ሄደ። ሐሰቱን የሚያስተባብል ወዳጅ ከሩቅ ሊጽፍልን ቢፈልግም መንገዱ አልነበረውም። ጨለማ ለሐሰት ቤቱ ነው፤ እንግዳ የሚሆነው እውነት ነው።

ሁለተኛው፣ «ወጣቱ ማንበብ ትቷል» ይላል። እኔ ደግሞ ይህን ያህል ያነበበ ትውልድ አላየሁም እላለሁ። ከታክሲ ሰልፍ ላይ ቁሙና ተመልከቱ፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ያነባል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው፣ እየሰፋ ሄዶ በ15 የሀገራችን ቋንቋዎች የተካሄደው፣ በዩኔስኮም መድረክ የተሸለመው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለሚሊዮኖች ፊደል ሲያስቆጥር ዓላማው ይኸው ነበር፤ ሰው ሁሉ አንባቢ እንዲሆን። የዚያ ዘመን ተማሪዎች የልጅ ልጆች ዛሬ ከጠዋት እስከ ማታ ያነባሉ። ጥያቄው ያነባሉ ወይ አይደለም፤ ምን እናቀርብላቸዋለን ነው። ማዕዱን ባዶ ትቶ እንግዳው ከጎረቤት በላ ብሎ የሚቆጣ ባለቤት ምን ይባላል?

ሦስተኛው ሰው ስለ ፊደል ይቆጫል። «ልጆቻችን አማርኛን በላቲን ፊደል እየጻፉ ቋንቋውን አበላሹት» ይላል። ቁጭቱን እጋራለሁ፤ ብቻውን መቅረቡን ግን አልቀበልም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ሥርዓት ውስጥ ከገባ ከፈረንጆች 1999 ጀምሮ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ ፊደሉ በየስልኩ አለ። በፊደሉ የሚጻፈው ነገር ጣዕም ቢኖረው ኖሮ ወጣቱ ፊደሉን ፈልጎ ያገኘው ነበር። ከዚህም ሌላ፣ ባማረ ግዕዝ ፊደል የተጻፈ ውሸት ውሸት መሆኑን አይተውም። ያ «ነፍስ ይማር» የተጻፈው አንድም የፊደል ግድፈት ሳይኖርበት ነበር።

«ሕግ አለ» የሚለኝም አይጠፋም። በእርግጥ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። «ከማን ሰማህ?» ብሎ መጠየቅን የሚያስለምደው ዐቃቤ ሕግ አይደለም፤ ወላጅ ነው፤ መምህር ነው፤ ተውኔት ነው። ጡሩምባ ነፊውን ማለዳ ላይ ያስቆመው አንቀጽ አልነበረም፤ ስሙ ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መፈክር ማብዛት አልሻም፤ አራት ነገር ብቻ ላቅርብ።

መምህራን ሆይ፣ ፊደል ከሚቆጠርበት ክፍል ጀምሮ ሦስት ጥያቄዎች ይለመዱ፦ ማን አለ? የት ሆኖ አለ? በምን ዐወቀ? ተማሪው በስልክ ያየውን አንድ ወሬ በየሳምንቱ ወደ ክፍል ያምጣና በእነዚህ ሦስት ወንፊቶች ይንፋው። ከመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ምዕራፍ እስኪጨመር መጠበቅ አያስፈልግም፤ ጠመኔና ሩብ ሰዓት ይበቃል።

ካድሬዎችና የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኞች ሆይ፣ ሕዝብ የሚጠይቀውን በሰዓቱ ንገሩት። ወሬ የሚበቅለው መልስ ባልተዘራበት ማሳ ነው። «በሂደት ላይ ነው» የሚለው ቃል ለሦስት ቀን የመለሰውን ጥያቄ በአራተኛው ቀን የመንደር ወሬ ይመልሰዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው መግለጫ ለቅሶ ካለቀ በኋላ እንደሚነፋ ጡሩምባ ነው።

የብዕርና የመድረክ ሰዎች ሆይ፣ ወደ ሠፈራችን እንመለስ። የውሃ ወረፋው፣ የዳቦው ዋጋ፣ ከኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ የሚገናኙት የማይተዋወቁ ጎረቤቶች፣ የድሮ ሠፈሩ ሲፈርስ ዕድሩ የተበተነበት አዛውንት፣ እነዚህ ሁሉ በየዕለቱ በስልክ ላይ በቀልድም በስድብም ይወራሉ፤ በኪነ ጥበብ ግን እምብዛም አይነገሩም። እኛ ለበዓል መድረክ የሚሆን ታላቅ ርእስ ስንጠብቅ ትንሹን የዕለት ኑሮ ለሌላ ሰጥተነዋል። አጭር ወግ፣ የአምስት ደቂቃ ጭውውት፣ ስምንት ስንኝ ግጥም ከነስማችን እናውጣ። በስልክ ላይ መታየት ያዋርደናል የምንል ከሆነ፣ አዝማሪው በጠላ ቤት መዝፈኑ ያላዋረደውን ሙያ እኛ ምን ያህል ከፍ አድርገነው ነው?

የመጨረሻው ነገር ማኅበራችንን ይመለከታል። በሕይወት ያሉ አንጋፋ የኪነ ጥበብ ሰዎች ስም፣ የሚኖሩበት ሠፈርና የጤናቸው ሁኔታ ተመዝግቦ ይያዝ፤ በየወሩም የሚጠይቃቸው ተረኛ ይመደብ። ይህ ከተደረገ የማንም ሐሰተኛ መርዶ ግማሽ ሰዓት አይቆይም። ሬሳ ሣጥን ሲመጣ አበባ ይዞ የሚሰለፍ ማኅበር ሳይሆን፣ ሰው ቆሞ ሲሄድ ደጁን የሚያንኳኳ ማኅበር ያስፈልገናል።

እኔ ቃሌን ለውጫለሁ። ያን ግጥም በሚመለከት በዚያው ስልክ ላይ፣ በዚያው ስሜ፣ ዘግይቶም ቢሆን የእርማት ጡሩምባዬን ነፍቻለሁ፦ ሰውየው በሕይወት አሉ፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ሳልጠይቅ አለቀስሁ። ይህን የወደደልኝ ሰው ሙሾውን ከወደደው እጅግ ያነሰ ነው። ግድ የለም። ከዚያ ወዲህ ከባልደረቦቼ ጋር እየተፈራረቅን ቅዳሜ ቅዳሜ ቡናቸውን እንጠጣለን፤ ቃለ ተውኔታቸውንም እንቀርጻለን። ሦስተኛውን ስንኝ እስካሁን አላስተካከልሁትም፤ የሚቸኩል ነገር የለበትም።