ሲሊኮን ሙላበትና ሂድ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሲያትል፣ ሌክ ዩኒየን ላይ በታሰረች አንዲት ባለ ሸራ ጀልባ ውስጥ ስሠራ ነበር። ከምሰሶው የሚወርዱት የመብራትና የሬዲዮ ሽቦዎች ዴኩን፣ ማለትም የላይኛውን ወለል፣ በስተው የሚገቡበትን ቀዳዳ ከፍቼ አብሮኝ ለሚሠራ ያገሬ ሰው አሳየሁት። በሙያው ይቀድመኛል። ጎንበስ ብሎ አየና «አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ፤ ሲሊኮን ሙላበትና ሂድ» አለኝ።

ቀዳዳው እኮ በሲሊኮን ተሞልቷል! ያውም ሦስት ጊዜ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ። ከሥሩ ያለው እንጨት ግን ጣቴን ሳስገባበት እንደ ራሰ ዳቦ ተፈረፈረ።

ምክሩ የእሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ጀልባ በሚጠገንበት ቦታ ሁሉ የሚሰማው ይኸው ነው፤ ውሃ ገባ ማለት ሲሊኮን አነሰ ማለት ነው። በፍጹም አይደለም። ውሃ የገባው ቀዳዳው ውሃ በሚተኛበት ቦታ ስለተበሳ ነው። ይህን ስህተት ምንም ዓይነት ማጣበቂያ አያርመውም።

ሲሊኮን በደረቀ ሲሊኮን ላይ በደንብ አይዝም። ስለዚህ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ሙሌት የተለጠፈው ሊይዘው በማይችል ነገር ላይ ነበር። ቅሪቱ ደግሞ ቀለምም ሆነ ኢፖክሲ የሚባለው ጠንካራ ሙጫ እንዳይጣበቅ ስለሚያደርግ፣ በኋላ በትክክል ልሥራ የሚለውን ሰው እንኳ ያሰናክላል። ብዙዎች የሚገዙት ርካሹ ዓይነት ሲደርቅ አቼቶ አቼቶ ይሸታል። የሚሸተው አሴቲክ አሲድ ነው፤ ይህ አሲድ መዳብ ይበላል። እኛ ግን ከመዳብ ሽቦ ጋር ቀዳዳ ውስጥ እንዘጋዋለን።

ቢይዝስ? ጀልባ ቆሞ አያድርም። ምሰሶው ይወዛወዛል፣ ሽቦው አብሮ ይጎተታል፣ ፀሐይ ያሞቀውን ሌሊቱ ያቀዘቅዘዋል። የሽቦው ፕላስቲክ ልባስና የዴኩ ፋይበርግላስ እኩል አይለጠጡም፣ እኩልም አይኮማተሩም። አንድ ቀን ከፀጉር የቀጠነ ክፍተት ይፈጠራል። ለውሃ ይህ በቂው ነው፤ ቀጭን ክፍተት ራሱ ይስበዋል። በሲያትል ደግሞ ከመኸር እስከ ፀደይ ዝናቡ አይጠፋም።

የገባው ውሃ የት ይሄዳል? የብዙ ጀልባዎች ዴክ ሁለት ስስ የፋይበርግላስ ገበታ ነው፤ በመካከሉ ቀላል እንዲሆንና እንዳይጎብጥ የባልሳ እንጨት አለ። ፋይበርግላስ አይበሰብስም። ባልሳ ግን ይበሰብሳል፤ ከላይም ከታችም ስለታሸገ አንዴ ከረጠበ በቀላሉ አይደርቅም። ባለቤቱ ምንም አያይም፣ ምንም አይሸተውም። አንድ ቀን ግን ዴኩን ሲረግጠው ይሰረጉድበታል። ያኔ የላይኛው ገበታ ተቆርጦ ይነሳል፣ የበሰበሰው ተዝቆ ይወጣል፣ አዲስ እንጨት ገብቶ አዲስ ፋይበርግላስ ይለበሳል። ይህ ሁሉ ወጪ በአንድ ቀዳዳ ምክንያት!

ያ «ሲሊኮን ሙላበት» ያለኝ ሰው እንደ እኔ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ነው ያደገው። የሰፈራችን አናጢ ሚስማሩን የሚመታው በቆርቆሮው ሞገድ ጀርባ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ውስጥ አልነበረም። ክረምት አልፎ ክረምት ሲመጣ ቤታችን አያፈስም ነበር። አናጢው ሲሊኮን የሚባል ነገር አያውቅም፤ ውሃ የት እንደሚሄድ ግን ያውቃል። ይህን በልጅነቱ በዓይኑ ያየ ሰው፣ ሌሎች በሚተማመኑበት ጀልባ ላይ ሲደርስ እንዴት ይረሳዋል?

ታዲያ ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው፤ ሽቦው ከዴኩ ከፍ ብሎ በቆመ፣ አፉ ወደ ታች በታጠፈ የማይዝግ ብረት ቧንቧ ይግባ። ቧንቧው የሚተከልበት ቀዳዳ መጀመሪያ ሰፋ ብሎ ይበሳ፤ ባልሳው ዙሪያውን ተፍቆ በኢፖክሲ ይሞላና ሲደርቅ መካከሉ እንደገና ይበሳ። ያኔ ውሃ ቢያልፍ እንኳ እንጨት አያገኝም። ከውስጥም ሽቦው ከመገናኛው ዝቅ ብሎ ይንጠልጠልና ተመልሶ ይውጣ፤ ሽቦውን ተከትላ የመጣች ጠብታ ከታችኛው መታጠፊያ ላይ ትወድቃለች። ኬብል ግላንድ፣ ማለትም ሽቦውን በጎማ አጥብቆ የሚይዝ መግቢያ፣ የምታስሩም ብትሆኑ፣ ለአንድ ክብ ሽቦ በተሠራ ጎማ ውስጥ ሁለት ሽቦ አታስገቡ፤ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ጎማው አይዘጋውም።

ጊዜ ይፈጃል ይሉኛል። አዎ፣ ይፈጃል። ሦስቱ ሙሌትም ጊዜ ፈጅቷል፤ የዴኩ ጥገና ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ይፈጃል።

ወደዚህ ሙያ አዲስ የምትገቡ ያገሬ ልጆች፣ ትራፓን ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ባልዲ ውሃ ዴኩ ላይ ድፉና የት እንደሚተኛ እዩ። እዚያ አትብሱ።