ስሙን በብረቱ ላይ የመታ ሠሪ

ፉከራውም ቀረርቶውም ለተኳሹና ለመሣሪያው ነው። ዲሞትፈር ተሞግሷል፣ ምንሽር ተሞግሷል፣ ያነገበውም ጀግና ተሞግሷል። ብረቱን ያበጀው ሰው ግን የትም የለም። እኔ በተግባረ ዕድ ቶርኖ ተምሬ ዛሬ ኮሎራዶ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ወርክሾፕ በትእዛዝ ለሚሠሩ የኢላማ ጠበንጃዎች በርሜል እገጥማለሁና ክርክሬ ለዚያ ለተረሳው ሰው ነው።

እማዬ ሥራዬን ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «የሰው ደም አለበት ወይ?» ብላ ነው። አገር በጠበንጃ በታመሰችበት ጊዜ ጥያቄዋ ትክክል ነው። የኔ ደንበኞች ጠበንጃውን ጠረጴዛ ላይ አጋድመው ወረቀት የሚበሱ ተወዳዳሪዎች ናቸው። አምስት ጥይት በ100 ያርድ፣ ማለትም በ91 ሜትር ይተኩሳሉ፤ ዳኛው እርስ በርስ በጣም የተራራቁትን የሁለቱን ቀዳዳዎች ርቀት ከመሐል እስከ መሐል ይለካል። አሸናፊው ያ ርቀት ያነሰለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ማክ ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ 0.23 ሚሊ ሜትር አስመዘገበ። አምስቱ ጥይቶች በአንዲት ቀዳዳ አለፉ ማለት ይቻላል። ክብረ ወሰኑን የሚያሻሽል ሰው እስኪገኝ 40 ዓመት ፈጀ።

ይህ በዓይን ጥራት ብቻ አይመጣም። ረጅም ዘንግ ውስጥ የተበሳ ቀዳዳ ፍጹም ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ መሰርሰሪያው በመንገዱ ትንሽ ይስታል። ስለዚህ በርሜሉን ቶርኖው ላይ ሳስር የምከተለው የውጭ ቆዳውን ሳይሆን ቀዳዳውን ነው። በርሜሉን የያዘውን አንዱን መንጋጋ ላላ፣ ተቃራኒውን ጠበቅ፣ ንቅናቄውን የሚለካውን ዳያል ጌጅ ማየት፣ እንደገና ላላ። የጌጁ አንዲት ጭረት 2.5 ማይክሮን ናት፤ የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮን ይወፍራል። መርፌዋ አልነቃነቅ እስክትል ድረስ ማሽኑን ለመቁረጥ አላስነሳም። ጊዜዬ የሚያልቀው እዚህ ነው፤ መቁረጡ ከዚያ በኋላ ቀላል ነው። የአፈሙዙ ጠርዝ ደግሞ ጥይቱ ብረቱን ለመጨረሻ ጊዜ የሚነካበት ቦታ ነው። በአንድ ወገን ጥቂት ከተጎረደ ጋዙ በዚያ በኩል ቀድሞ ያፈተልክና ጥይቱን ከመስመሩ ይገፋዋል። በዚህ ጠርዝ ላይ የሚቸኩል ሠሪ ገና ሥራውን አልጀመረም እላለሁ።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። በዚህ ውድድር ለብዙ ዓመታት የነገሠው 6 ሚሊ ሜትር ፒፒሲ የተባለው ጥይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፓልሚሳኖ የተባለ ሐኪምና ፒንደል የተባለ ባለሙያ አብረው አበጁት። የቀለሁ የዘር ሐረግ ሲቆጠር ክላሽ ከሚጎርሰው ጥይት ይደርሳል! እኛ አገር በየገጠሩ ያለው ማለት ነው።

ይህን ሙያ ያከበረልኝ ሰው ግን ሃሪ ፖፕ ነው። የኖረው እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1950 ሲሆን በርሜል ሠሪ ነበር። የበርሜሉን ጠመዝማዛ ቦዮች በጥቃቅን መላጊያ አንድ በአንድ ይቆርጣል፣ ሲጨርስ ስሙን ብረቱ ላይ ይመታል። በ1906 ሳን ፍራንሲስኮ ሱቅ እንደከፈተ የመሬት መንቀጥቀጡና እሳቱ መሣሪያዎቹን በሉበት፤ ወደ ምሥራቅ ተመልሶ እንደ አዲስ ጀመረ። ከዚያ በፊት በ1901፣ እዚሁ እኔ ባለሁበት ኮሎራዶ፣ ሮውላንድ የተባለ ተኳሽ በፖፕ በርሜል አሥር ጥይት በ200 ያርድ 18 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ስፋት ውስጥ አሳረፈ። አሥር ጥይት ነው። ዛሬ ሦስት ተኩሶ የቀናውን ወረቀት በኪሱ ይዞ የሚዞር ብዙ ነው፤ ሦስት ጥይት ዕድል ሊሆን ይችላል፣ ለእኔ ማስረጃ አይደለም። ሠሪውም ሆነ ገዢው አሥሩን ተኩሶ ከመሐሉ የሳተችውን ጭምር ማሳየት አለበት።

ወደ እኛ ልምጣ። ብረት የሚቀጠቅጠውን ቡዳ ስንል ኖረናል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን ከአፋችን ቶሎ አልወጣም። መዘዙ ዛሬም ቶርኖ ቤት ውስጥ ይታያል። ጎበዝ ልጅ የወፍጮ ዘንግ ያስተካክላል፣ የመኪና አክስል ያድናል፣ ሥራው ማን እንደሠራው ሳይታወቅ ይወጣል። ስሙ የሌለበት ሥራ ሲበላሽ ተጠያቂ የለውም፤ ሲሰምርም የሚመሰገን የለም።

ስለዚህ የሙያ ማሠልጠኛዎቻችንን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ሠልጣኙ ማሽን ከመያዙ በፊት ማይክሮሜትርና ዳያል ጌጅ እጁ ይግባ፤ ነጥቡም በአስተማሪው ዓይን ሳይሆን በተለካው ቁጥር ይሰጠው። የመመረቂያ ሥራውን ሲያስረክብ ደግሞ ስሙን ብረቱ ላይ ይምታበት፣ ልኬቱንም፣ የሳተውን ሳይደብቅ፣ በወረቀት ጽፎ ያያይዝለት።